ምዕራፍ ስድስት፦ “አልፎ አልፎ” ከሚለው መልስ ጀርባ

በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ስለ መጠጥ የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። “ትጠጣለህ?” ይላል ባለሙያው፣ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሳ። “አልፎ አልፎ” ይላል ታካሚው። መልሱ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ሰው ይጠራል። ስለ ጫት ብዙ ጊዜ ይህችውም አትነሳም። ሰውየው የመጣው ጨጓራው አላስተኛ ብሎት ነው፤ ወይም መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ብሎት፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ወድቆ እጁን ሰብሮ፣ ወይም የቲቢ ክኒኑን እያቆራረጠ አስቸግሮ ነው። ለጨጓራው መድኃኒት ይታዘዛል፤ እጁ በጄሶ ይታሰራል። የጎዳው ነገር ግን ሳይጠየቅ አብሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን የሁለት ቃል ንግግር ወደ አምስት ደቂቃ ማሳደግ ይቻላል? አምስት ደቂቃውስ ለውጥ ያመጣል? ለሁለተኛው ጥያቄ “ለአንዳንዱ ሰው፣ በመጠኑ” የሚል መልስ አለኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ለመጀመሪያው መልሴ “አዎ፣ ለባለሙያው የሚሰጠው ሥልጠና ሥልጠና ከሆነ” ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር በሙሉ እዚያ “ከሆነ” ላይ ነው።

ባለሙያው የማይጠይቀው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው “ስንት ይጠጣሉ?” ማለት ነውር ይመስለዋል። መልሱ “ብዙ” ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል፤ ማስታገስ የማይችለውን ቁስል መነካካት አይፈልግም። በር ላይ ወረፋ አለ። ጮክ ተብሎ የማይነገረው ምክንያት ደግሞ እሱም መጠጣቱ፣ እሱም መቃሙ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ነርስ ስለ ጫት ሲጠይቅ ወይ ይቀልድበታል፣ ወይ ከልክ በላይ ይቆጣል። ታካሚው ሁለቱንም ወዲያው ያነባል፤ ከዚያ በኋላ እውነት አይናገርም።

የአጭር ምክር ሐሳብ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1977 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግሪፊዝ ኤድዋርድስ የተባለው የለንደን የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በመጠጥ ሱስ የተያዙ 100 ባለትዳር ወንዶችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ለወራት የተሟላ ሕክምና ተደረገላቸው። ሌሎቹ ከሚስቶቻቸው ጋር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ተመከሩ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለሐኪሞቹ ደስ የሚል ዜና አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄውን የገለበጡት ነበሩ፦ አንድ ጥሩ ውይይት በሱስ ለተያዘው ይህን ያህል ከሠራ፣ ገና ወደዚያ እየተንደረደረ ላለው ምን ሊሠራ ነው?

እንደዚህ ያለውን ሰው ለማግኘት ግን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 አውስትራሊያን፣ ቡልጋሪያን፣ ኬንያን፣ ሜክሲኮን፣ ኖርዌይንና አሜሪካን ይዞ መጠይቅ ማዘጋጀት ጀመረ። ውጤቱ ኦዲት የሚባለው ባለ 10 ጥያቄ ቅጽ ነው፤ ከሒሳብ መርማሪዎች ጋር አይነካካም። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል። 8ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ጤናውን እየጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው። እስከ 15 ድረስ ቀላል ምክር ይበቃል ይላል መመሪያው፤ ከ16 እስከ 19 ምክክርና ክትትል ይጨመራል፤ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። በ1996 የታተመውና ኬንያና ዚምባብዌም የነበሩበት የስምንት አገሮች ጥናት ደግሞ የአምስት ደቂቃ ምክር ያገኙ ወንዶች 20 ደቂቃ ከተመከሩት እኩል መቀነሳቸውን አሳየ። ምንም ካልተመከሩት ጋር ሲነጻጸር የዕለት መጠናቸው 17 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ሴቶቹ ግን የተመከሩትም ያልተመከሩትም ቀነሱ። እኔ ይህን የማነበው መጠየቁ ራሱ አንድ ነገር ይሠራል ብዬ ነው።

እንግዲህ መጠይቁ አለ፣ ማስረጃውም አለ፤ ጤና ጣቢያ ገብቶ ሲሠራ ግን የመጀመሪያው እንቅፋት ብርጭቆ ላይ ነው። የኦዲት ሁለተኛ ጥያቄ “በሚጠጡበት ቀን ስንት መጠጥ ይወስዳሉ?” የሚል ነው። አንድ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ ማለት ነው። ታካሚው የሚቆጥረው ግን በመለኪያ፣ በብርሌ፣ በጣሳና በጃምቦ ነው። አረቄውን እንውሰድ። መለኪያዋ 50 ሚሊ ሊትር ብትይዝና የአረቄው ጥንካሬ 40 በመቶ ቢሆን፣ ውስጧ 16 ግራም ገደማ አልኮል አለ። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 በመቶ አልኮል ባለው ጠጅ ቢሞላ 20 ግራም ይሆናል፤ ሁለት መጠጥ ማለት ነው። ተራው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ይዟል። ጠላ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ቀጭኑ ከወፍራሙ፣ ያልተጣራው ከፊልተሩ አይገናኝም።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አምስት መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው አለ እንበል። ነርሷ አምስቱን መለኪያ እንዳለ አምስት መጠጥ ብላ ከመዘገበች፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ 3፣ ለሁለተኛው 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ጥያቄ “ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በየስንት ጊዜው ነው?” የሚል ነው፤ ሰውየው አምስት አያልፍምና 0 ይሆናል። የቀሩት ሰባት ጥያቄዎች ነጥብ ካልጨመሩ ድምሩ 5 ነው፤ “ችግር የለብዎትም” ተብሎ ይሸኛል። በትክክል ከተሰላ ግን አምስቱ መለኪያ 80 ግራም፣ ማለትም ስምንት መጠጥ ነው። ነጥቡ 3 እና 3 ይሆናል፤ ስድስትን በየሳምንቱ ስለሚያልፍ ሌላ 3 ይጨመራል። 9 ሞላ። የቀሩት ሰባት ጥያቄዎች ገና ሳይነሱ ሰውየው ከመስመሩ አልፏል። በአንዲት ያልተለካች መለኪያ ምክንያት ሊያመልጠን ነበር።

ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ ፓወርፖይንቱን ከመክፈቱ በፊት ከአካባቢው ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤትና አረቄ ቤት ዕቃዎቹን ያስመጣል፤ ሠልጣኞቹ ውኃ እየሞሉ በመርፌ ሲሪንጅ ይለካሉ። የየወረዳው መለኪያ እኩል እንዳልሆነ ያኔ ይታያል። ከዚያም ለዚያ ጤና ጣቢያ ብቻ የሚያገለግል አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይሠራና ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር ይገባል። ከአዲስ አበባ የመጣ የተባዛ ሠንጠረዥ ይህን አይተካም።

ጊዜውም እንደ መጠኑ ያሳስታል። ቅጹ የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ዓመት ነው። በሁዳዴ “ይጠጣሉ?” የተባለ ጿሚ “የለም” ቢል አልዋሸም፤ ፋሲካ ማግስት ግን መልሱ ሌላ ነው። በረመዳን የጫቱ ሰዓት ወደ ሌሊት ይዞራል። አጠያየቁን የሚያውቅ ባለሙያ ከጾሙ ሌላም ነገር ያገኛል። “በጾም ሃምሳ አምስት ቀን እንዴት ቻሉት?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰውየው አቅም እንዳለው የሚናገረው ሰውየው ራሱ ይሆናል።

ጫት ከመጠጥ ይከብዳል። ለእሱ የሚቀርበው ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ አሲስት ነው። ከትንባሆ እስከ ሐሺሽ፣ ከማስታገሻ ክኒን እስከ ሄሮይን ድረስ በስምንት ጥያቄዎች ያዳርሳል፤ ጫት ግን በስሙ የተሰመረለት ረድፍ የለውም። “ሌላ” በሚለው ቦታ እንዲጻፍ ሥልጠናው ላይ ካልተወሰነ አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይዘለዋል። መጠኑም አስቸጋሪ ነው። አንድ ዙርባ የአወዳይ ጫት ከአንድ እስር የወንዶ ወይም የባሕር ዳር ጫት ጋር በምን ይነጻጸራል? በእኔ አስተያየት ከቅጠሉ ይልቅ ሰዓቱንና ብሩን መጠየቅ ይሻላል፦ “ሲቀመጡ ስንት ሰዓት ይቆያሉ? በቀን ስንት ብር ይወጣል?” ሰው ብሩን አይረሳም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ የሚቃም፣ በሐረር በኩል ኢጀበና የሚሉት ከተጀመረ፣ ነገሩ ከልማድ እያለፈ መሆኑን ያሳያል። ሲያቆሙ ሌሊት የሚመጣውን ዱካክ የማያውቅ ባለሙያ፣ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ለምን እንደተመለሰበት አይገባውም። ምርቃናውን ለመስበር ማታ የሚጠጣውን ጨብሲ ካልጠየቀ ደግሞ የመጠጡን ግማሽ ሳያይ ይቀራል።

ጥያቄውን በመድኃኒቱ በኩል መክፈት ይቻላል። የመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ጫት እየተቃመ የሚወሰድ አምፒሲሊን በደንብ ወደ ሰውነት እንደማይገባ፣ ከቃሙ ሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን ችግሩ እንደሚቀር አሳይቷል። “ይህን መድኃኒት ጫት ያዳክመዋል፤ ይቅማሉ እንዴ? ሰዓቱን እንድናስተካክል ነው” የሚል ጥያቄ ማንንም አያስኮርፍም።

አሁን ወደ ንግግሩ እንግባ። ሥልጠና ላይ በብዛት የሚሰማው ምክር ይህን ይመስላል፦ “ጋሼ፣ መጠጥ ጉበት ይጎዳል፣ ገንዘብ ይጨርሳል፣ ትዳር ይበትናል። ማቆም አለብዎት። ገባዎት?” ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከተነገራቸው ውስጥ የማያውቁት አንድም ነገር የለም፤ ባለቤታቸው ከዚህ የበለጠ ብላቸዋለች። አሁን ያንኑ ሰው በሠለጠነች ነርስ ፊት እናስቀምጣቸው። ንግግሩ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው።

“ጋሼ፣ የመጡት ለጨጓራዎ ነው። ከጨጓራ ጋር የሚያያዝ ነገር ሁሉንም ታካሚ እንጠይቃለን። ፈቃድዎ ከሆነ ስለ መጠጥ ልጠይቅዎት?”

“ጠይቂ ልጄ፣ ምን ከልካይ አለብኝ።”

አሥሩን ጥያቄ ትጠይቃለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አምስት መለኪያ። በዓመቱ ውስጥ ከመጠጥ የተነሳ ሥራ የቀረባቸው በወር አንድ ጊዜ ያህል ነው። የሚያሳስበው ሰው አለ ወይ ስትላቸው “ልጄ ዘንድሮ ተቆጥታኛለች” አሉ።

“ደመርኩት፤ 15 መጣ። 8ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውነትን መጉዳት ይጀምራል። ይህን ሲሰሙ ምን አሉ በልብዎ?”

“በዛ እንዴ? እኔ እንኳ ከሰው አልበልጥም።”

“ከጓደኞችዎ ጋር ሲተያዩ ብዙ አይመስልዎትም።”

“አይመስለኝም። ግን ያው... ሌሊት ሲያቃጥለኝ የሚያድረው በጠጣሁ ቀን ነው።”

እዚህ ላይ ነርሷ ዝም ማለቷን ልብ በሉ። “አዩ! ነግሬዎት ነበር” አላለችም። በራሳቸው አፍ የተናገሩትን ብቻ መለሰችላቸው፦ “የጠጡ ቀን ያቃጥልዎታል።” ቀጥላም፣ “ለመቀነስ ያለዎትን ፍላጎት ከ10 ስንት ይሰጡታል?” አለች።

“አምስት።”

“ለምን ሁለት አላሉም?”

ይህች ጥያቄ ትንሽ ተንኮል አለባት። “ለምን አሥር አልሆነም?” ብትል ኖሮ ጋሼ ላለመቀነስ ያላቸውን ምክንያት ሁሉ ይዘረዝሩ ነበር፤ ሰው ደግሞ የዘረዘረውን ያምናል። “ለምን ሁለት አላሉም?” ስትባል ግን የሚወጣው የመቀነስ ምክንያት ነው። ጋሼም ጨጓራቸውን፣ ልጃቸውን፣ በሬ ገበያ ላይ ሰክረው የተታለሉበትን ቀን አነሱ። በመጨረሻ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፦ ረቡዕን መዝለል፣ በገበያ ቀን ከሁለት መለኪያ አለማለፍ፣ እህል ሳይቀምሱ አለመጀመር። ይህ የምክክር ዘዴ ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 ጽፎ ያስተዋወቀውና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያሰፋው ነው። ዋናው ነገሩ የለውጡን ክርክር ታካሚው እንዲከራከር መተው ነው።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሚለር ራሱ ይህን የተማረው የገዛ ሥልጠናውን ሲለካ ነው። በ2001 ባሳተመው ጥናት 22 አማካሪዎችን በአውደ ጥናት አሠለጠነ። ሠልጣኞቹ “ተምረናል፣ እየሠራንበት ነው” አሉ። ከታካሚ ጋር ያደረጉት ንግግር በድምፅ ተቀድቶ ሲመረመር ግን ለውጡ ጥቂት ነበር፤ በታካሚዎቹ አነጋገር ላይ ደግሞ ምንም አልታየም። የባሰው ነገር፣ የተማሩ ስለመሰላቸው ተጨማሪ ለመማር የነበራቸው ጉጉት መቀዝቀዙ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ 140 ባለሙያዎችን ይዞ እንደገና ሞከረ። አንዱ ቡድን አውደ ጥናት ብቻ አገኘ፤ ሌላው ከአውደ ጥናቱ በኋላ የገዛ ንግግሩ እየተደመጠ ግብረ መልስ ተሰጠው፤ ሌላው በስልክ እስከ ስድስት ጊዜ ተመከረ፤ ሁለቱንም ያገኘ ቡድንም ነበር። አውደ ጥናት ብቻ ያገኙት ያመጡት ለውጥ በአራት ወር ውስጥ እየከሰመ ሄደ። ግብረ መልስ ወይም የስልክ ምክር ያገኙት ግን ችሎታቸው ጸና፤ ታካሚዎቹም አነጋገራቸውን የለወጡት ሁለቱንም ባገኘው ቡድን ዘንድ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ እኛ አዳራሽ እንምጣ። ሥልጠናው በሆቴል ነው፤ አምስት ቀን። ቅድመ ፈተና፣ ድኅረ ፈተና፣ በመሃል ሻይ፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ የቡድን ሥራ፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬትና አበል። ድኅረ ፈተናው ከቅድመ ፈተናው ይበልጣል፤ ሪፖርቱም “ውጤታማ” ይላል። ነገር ግን የተፈተነው ዕውቀት ነው እንጂ አፍ አይደለም። “ታካሚን አትውቀስ” የሚለውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው ሰኞ ጠዋት ሄዶ ይወቅሳል። ሰው መኪና መንዳትን የትራፊክ ሕግ ፈተና በማለፍ ብቻ እንደማይችል ሁሉ፣ ይህንንም አጠገቡ ተቀምጦ የሚያርመው ሳያገኝ አይለምደውም። አበሉን መንቀፌ አይደለም፤ ደሞዙ የሚታወቅ ነው። የምለው ለአምስቱ ቀን የተመደበው ገንዘብ የሁለቱ ቀን ለአዳራሽ፣ የቀረው ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት ክትትል ቢከፈል ነው።

ክትትሉ ምን ይመስላል? ውድ ነገር አያስፈልገውም። ታካሚው ሲፈቅድ ንግግሩ በስልክ ይቀዳል፤ ስም ሳይጠራ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ባልደረቦች ተሰብስበው አምስቱን ደቂቃ ያደምጣሉ። የሚቆጥሩት ጥቂት ነገር ነው፦ አዎ ወይም የለም የማያስብሉ ጥያቄዎች ስንት ናቸው? ታካሚው ያለው ስንት ጊዜ ተመልሶ ተነገረው? ፈቃድ ሳይጠየቅ ስንት ምክር ተሰጠ? ከሁለቱ ማን በዛ አለ? የመጀመሪያውን ቅጂ የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው በመጨረሻው ጥያቄ ነው። በሕንድ ጎዋ ግዛት የተደረገው ሥራ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። የጤና ሙያ ትምህርት ያልነበራቸው ሰዎች ለመጠጥ ምክክር ሠለጠኑ፤ ከዚያም አንዱ የሌላውን ቅጂ እየሰማ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ምክክሩ ከአምስት ደቂቃ ይረዝማል፣ እስከ አራት ጊዜም ይሄዳል። በ2017 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከ377 ወንዶች መካከል ምክክሩን ካገኙት 36 በመቶው ከሦስት ወር በኋላ ከአደገኛው ደረጃ ወርደው ነበር፤ ካላገኙት 26 በመቶው።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረዱ ሥራ ከ2010 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እየተሞከረ ነው። በመመሪያው የ2016 እትም ውስጥ ሱስ ስድስተኛው ክፍል ነው፤ ከድብርት፣ ከሳይኮሲስ፣ ከሚጥል በሽታ፣ ከሕፃናት የአእምሮ ችግርና ከመርሳት በሽታ በኋላ። የሥልጠና ቀን ሲያጥር ምን እንደሚቆረጥ መገመት አያዳግትም። ችግሩ ግን በስድስተኛ ደረጃ የሚቀመጥ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በ1,500 አዋቂዎች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት በኦዲት 8ና ከዚያ በላይ ያመጡትን 13.9 በመቶ አግኝቷቸዋል፤ ከወንዶች 25.8 በመቶ፣ ከሴቶች 2.4 በመቶ። ነጥባቸው 16ና ከዚያ በላይ ከሆነው ውስጥ 87 በመቶው ሕክምና ፈልገው አያውቁም። ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል “ራሴ እወጣዋለሁ” እና “የት እንደሚኬድ አላወቅሁም” የሚሉት ነበሩ። ሁለተኛው ምክንያት ወደ ጤና ጣቢያው የሚጠቁም ነው፤ ምናልባትም ሰውየው ያን ዓመት ለሌላ ሕመም ሄዶበታል።

አሁን ቃል የገባሁት “በመጠኑ” ላይ እንምጣ። በ2018 የወጣ ኮክሬን የተባለው ተቋም ግምገማ 69 ጥናቶችን መርምሮ፣ አጭር ምክር ያገኙ ሰዎች ከዓመት በኋላ በሳምንት 20 ግራም ያህል ያነሰ አልኮል እንደሚጠጡ ደምድሟል። ከላይ የተነሳችውን ብርሌ አስቡ፤ አንዲት ብርሌ ነው በሳምንት። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ወረዳ ግን ትንሽ አይደለም። በእንግሊዝ በ756 ታካሚዎች ላይ የተደረገና በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ነጥቡን መንገርና በራሪ ወረቀት መስጠት ከረዘመው ምክክር እንዳላነሰ አሳይቷል። “ታዲያ ማሠልጠኑ ለምኔ?” የሚል ይኖራል። ልብ ይበል፤ በራሪ ወረቀት ብቻ ያገኙትም በደንብ ተጠይቀው፣ በደንብ ተለክተው፣ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነው። እኛ ጋ የጎደለው ይኸው የመጀመሪያው ነገር ነው። ሥልጠናው ሲጣበብ ከምክክሩ ይቀነስ እንጂ ከአጠያየቁ አይቀነስ።

ከመጠጥ ውጭ ያለው ማስረጃ ይሳሳል። በአሲስት ላይ የተመሠረተው ምክር በ2012 በወጣው የአራት አገሮች ጥናት አጠቃቀምን ሲቀንስ ታይቷል፤ ከአራቱ በአሜሪካ ብቻ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። በ2014 ቦስተን ውስጥ በ528 ሰዎች ላይ የተሞከረው አጭር ምክር በዕፅ አጠቃቀም ላይ ለውጥ አላመጣም። ለጫት የሚቀርበው በኬንያ የተደረገው ነው፦ 330 ሶማሌ ወንዶች፣ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው የሰጡት ምክር። ሁለቱም ቡድኖች ቀነሱ፤ የተመከሩት የበለጠ። ድብርት ያለባቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ስለ ጫት የሚጠይቅ ሰው ስለ እንቅልፍና ስለ ሐዘንም ሳይጠይቅ አይለፍ።

አንድ ነገር ላይ ግን “በመጠኑ” የለም። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀና ለማለት የሚጎነጭ ሰው በአንድ ቀን እንዲያቆም መምከር ሊገድለው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊጥለው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሊቃዥና ሊደናገር ይችላል። በእኛ አገር ማቆም ብዙ ጊዜ በስእለትና በመሐላ፣ በጸበልም ነው፤ ውሳኔው ከልብ ሲሆን ደግሞ ድንገት ነው። ባለሙያው መሐላውን አይቃወም፤ “መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጡ” ይበል። ስለዚህ ሥልጠናው ከመጠራቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ዲያዜፓም አለ? ታያሚን አለ? ነጥቡ 20ና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው የሚላክበት ሆስፒታል ስልክ የሚያነሳ ሰው አለው? ከሌለ የሠለጠነው ነርስ ከቀድሞው የባሰ ችግር ውስጥ ነው፤ አሁን አውቆታል፣ የሚያደርግበት ግን የለውም።

ማን ይሠልጥን የሚለው ላይ ብዙ ሰው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ያነሳል። በየቀበሌው ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያ። ባለሙያዋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ አረቄ የምትሸጠው ወይዘሮ አክስቷ ልትሆን ትችላለች። ጋሼ የነገሯት ነገር እድር ላይ እንደማይደርስ በምን ያምናሉ? ይልቅ የቲቢ፣ የኤችአይቪና የቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍሎች ይሻላሉ። የቲቢ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይመላለሳል፤ የቲቢ መድኃኒትና መጠጥ ደግሞ ጉበት ላይ ስለሚገናኙ ለመጠየቅ ምክንያት አይፈለግም። ነፍሰ ጡሯም ብትሆን ጠላን እንደ መጠጥ የሚቆጥርባት ስለሌለ ማንም አይጠይቃትም፤ እዚያ ክፍል ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚታይ ታካሚ የተሰጠ ምክር ሠርቶ አልሠራም ማወቂያ የለውም። የቲቢ ታካሚው በሁለተኛው ወር ክኒኑን ሊወስድ ሲመጣ “ረቡዕን እንዝለል ብለን ነበር፤ እንዴት ሆነ?” ማለት የሚችለው ያው ነርስ ነው፤ ታካሚው “ሁለቴ ዘለልኩ፣ ሁለቴ አልቻልኩም” ቢል ደግሞ ሁለት የተሳካ ረቡዕ ስላለ ከዚያ ይቀጥላሉ።